ከአሥር ዘጠኝ ያገኘው ኑዛዜ

እትዬ የሺ ማረፋቸውን የሰማሁት በትኬት መስኮት በኩል ነው። ያን ቀን ከሥራ ስለቀሩ ወንበራቸው ላይ እኔ ተቀምጬ ነበር። የከሰዓቱ ፊልም ሊጀምር ሲል አንድ እጅ በመስኮቱ ገባ፤ ገንዘብ አልያዘም። ባዶውን መደቡ ላይ ተዘርግቶ ቆየ። ጎንበስ ብዬ ባይ የቀድሞ ባላቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው። «ዛሬ አይመጡም» አሉኝ። «ነገስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ነገም» አሉና እጃቸውን መልሰው ወሰዱ።

ይኼን ያስቀደምኩት የለቅሶ ወሬ እንዳይመስላችሁ አስቀድሜ ልገላገለው ብዬ ነው። እትዬ የሺን ባሰብኳቸው ቁጥር የሚቀድመኝ ሳቅ ነው። ቀብራቸው ላይ እንኳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ከሚንቀጠቀጡት ሴቶች ሁለት ሦስቱ እያለቀሱ እንዳልነበር በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ፤ አንዷ እኔ ነበርኩ።

ጊዜው የደርግ ነው። ከፒያሳ ሲኒማ ቤቶች በአንዱ እኔ በር ላይ ቆሜ ትኬት እየቀደድኩ ሰው አስገባለሁ፤ እትዬ የሺ ከጎኔ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጠው ይሸጣሉ። መስኮቷ ትንሽ ስለሆነች ከገዢው የሚታያቸው እጁ ብቻ ነው። «እኔ ፒያሳን የማውቀው በእጁ ነው» ይሉ ነበር። ወርቅ ሠሪውን በጣቱ ጥቁረት፣ ልብስ ሰፊውን በመርፌ ጠባሳ፣ ጸሐፊውን በቀለም ይለዩታል። አንድ ቀን እጅ ገብቶ ሳለ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ቀለበቱን አውልቆ ነው የመጣው፤ አሁን ሁለት ስጪኝ ይላል፤ ከኋላ» አሉኝ። «ሁለት ይስጡኝ፤ ከኋላ» አለ እጁ። ሰውዬው ከነሴት ጓደኛው በሬ ላይ ሲደርስ ፊቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሽያጩ የሚያበቃው ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ በመሆኑ እትዬ የሺ የአንድም ፊልም መጀመሪያ አይተው አያውቁም። የሕንድ ፊልም ሲሆን ከግማሹ ገብተው ከአዳራሹ ሰው ሁሉ በላይ ያለቅሳሉ። ስንወጣ ታዲያ፣ «ለመሆኑ ያቺ የሞተችው ማን ነበረች?» ብለው ይጠይቁኛል። ብነግራቸውም አይቀበሉኝም።

«እኅቱማ አትሆንም። እኔ እናቱ ናት ብዬ ነው ያለቀስኩት። አሁን እንባዬን ልመልሰው ነው?»

ከጋሽ ደምሴ ጋር ዐሥራ አምስት ዓመት በትዳር ኖረው ልጅ አልወለዱም። የጋሽ ደምሴ ዘመዶች በየበዓሉ እየመጡ ምግብ እስኪቀርብ ድረስ የእትዬ የሺን ሆድ ያዩ ነበር። አንድ ፋሲካ ላይ እትዬ የሺ ዶሮውን አቀረቡ፣ እንግዶቹ በልተው እስኪጨርሱ ጠበቁ፣ ከዚያ ባላቸውን፣ «በል ሂድና ውለድ። እኔም ሆዴን እያዩ ከሚበሉ ሰዎች ልረፍ» አሏቸው። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ሽማግሌ ተነሣ፤ ተፋቱ።

ጋሽ ደምሴ ግን የትም አልሄዱም። ቀበሌው የሚሰጣቸው ሌላ ቤት ስላልነበረው፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ያለችውን ያችኑ ቤት መሐል ለመሐል በኮምፔርሳቶ ግድግዳ ከፈሏት። ኮምፔርሳቶውን የገዙት እትዬ የሺ ናቸው፤ ሌላ በር ያስከፈቱት ደግሞ ጋሽ ደምሴ። አላገቡም፣ አልወለዱም። ዐሥር ዓመት ያህል ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ሆነው ሲያስሉ ኖሩ።

ከፍቺው ወዲህ «እርስዎ» ነበር የሚባባሉት። መጀመሪያ እዚያ ቤት የሄድኩ ቀን ይኼን ሳላውቅ ገብቼ በሳቅ ልፈነዳ ነበር። እትዬ የሺ ኮምፔርሳቶውን በጣታቸው ቆርቆር አድርገው፣ «አቶ ደምሴ፣ እንግዳ ስላለብኝ ሳልዎን ቀነስ ቢያደርጉልኝ» አሉ። ከወዲያ ማዶ መልስ መጣ። «ወይዘሮ የሺእመቤት፣ እርስዎ ራዲዮዎን ሲቀንሱ እኔም ሳሌን እቀንሳለሁ።»

ራዲዮኑን በእርግጥ ከፍ አድርገው ነበር የሚከፍቱት። ከኮምፔርሳቶው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዜናውንም ዘፈኑንም ኳሱንም ይጮኻል። «ጆሮዬ ደክሟል» ይላሉ ሲጠየቁ። ይኼን ሲሉ ራሴን እነቀንቃለሁ እንጂ፣ በር ላይ ቆሜ ከጓደኛዬ ጋር የማንሾካሹከውን መስኮታቸው ውስጥ ተቀምጠው እየሰሙ የሚመክሩኝ እሳቸው ናቸው። የራዲዮው ድንጋይ ሲያልቅ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ በወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ድንጋይ ይገኛል። «ከየት የመጣ ነው?» ብላቸው፣ «ቀበሌ ነው የሚያድለው» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ። እኛም ቀበሌ አለን፤ ሳሙና እንኳ ተሰልፈን ነው።

የኑዛዜ ነገር የተነሣው በስንታየሁ ሰበብ ነው። ስንታየሁ የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው፤ ከሥጋ ዘመድ የቀራቸው እሱ ብቻ ነበር። ለፋሲካም ለገናም ብቅ የማይል ሰው፣ እትዬ የሺ በሳንባ ምች ሁለት ሳምንት መተኛታቸውን ሰምቶ ብርቱካን ይዞ መጣ። እኔም ልጠይቃቸው ሄጄ እዚያው ነበርኩ። «እንዴት ነዎት አክስቴ?» አለ፤ ብርቱካኑን አስቀመጠ፤ ከዚያ ተነሥቶ ቁምሳጥኑን በስንዝር መለካት ጀመረ። ቁመቱን ለካ፣ ወርዱን ለካ፣ ጥልቀቱን ሊለካ በሩን ከፈተ። ቀጥሎ ወደ አልጋው ዞረ፤ እትዬ የሺ እላዩ ላይ ተኝተዋል።

«ምን ሆነሃል?» አሉት።

«አይ፣ የኔ ቤት በር ጠባብ ናት። እንዲያው ለማወቅ ነው።»

እሱ ከሄደ በኋላ እትዬ የሺ አንድ ብርቱካን አንሥተው ልጠው ጨረሱ። በመጨረሻ፣ «እኔን መለካት እንዴት ረሳ?» አሉ።

ፍራሻቸው ሥር አንድ ወረቀት ነበረች። በትዳር ሳሉ አንዳችን ብንሞት ያለን ሁሉ ለሌላችን ይሁን ብለው ያስጻፏት ኑዛዜ ናት። ከበሽታው እንደተነሡ እሷን ይዘን ከማዘጋጃ ቤት በታች ማመልከቻ ጽፈው ወደሚያድሩት ራፖር ጸሐፊ ወደ አቶ በለጠ ሄድን። አቶ በለጠ ሕጉን ከጠበቃ እኩል የሚያውቁ፣ የሚያውቁትንም የማይቆጥቡ ሰው ነበሩ። ወረቀቷን አነበቡና ከመነጽራቸው በላይ አዩን።

«ከባልዎ ጋር ተፋትተዋል?»

«ስምንት ዓመታችን ነው።»

«እንግዲያስ ይቺ ወረቀት የፍቺው ዕለት ወድቃለች። ለባል የተናዘዙት ትዳር ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል። አሁን አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ልጅ የለዎት፣ ወላጅ የለዎት፣ ያለዎት ሁሉ የሚሄደው ለወንድምዎ ልጅ ነው።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ በፈረሰ ወረቀት ላይ ነው የተኛሁት?» አሉ እትዬ የሺ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ለካ ወገቤን የሚያመኝ ወዶ አይደለም» አሉኝ።

አቶ በለጠ መፍትሔውን ነገሯቸው። እትዬ የሺ እየተናገሩ እሳቸው ይጽፋሉ፤ የተጻፈው በአራት ምስክሮች ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ሁሉም ይፈርማሉ። ክፍሏ የቀበሌ ስለሆነች እሷን መናዘዝ አይቻልም፤ ዕቃው ግን የእሳቸው ነው። «አንድ ነገር ልብ ይበሉ» አሉ አቶ በለጠ፣ «ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው አንዳች አያገኝም።»

እሑድ ከሰዓት አራት ሰዎች ተጠራን። አንዷ የቅርብ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘውዴ ናቸው፤ ሁለተኛው ከድር፣ ማዕዘኑ ላይ ሱቅ ያለው ወሎዬ፤ ሦስተኛው የሲኒማ ቤታችን ማሽኒስት ፍሥሐ፤ አራተኛዋ እኔ። ኑዛዜ መሆኑን ሰምተው ሦስቱም ፀዳ ብለው መጡ። ወይዘሮ ዘውዴ ቁምሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ መስተዋቱን ይወለውላሉ። ፍሥሐ ከገባ ጀምሮ ዓይኑን ከራዲዮኑ አልነቀለም። አቶ በለጠ ስለ ምስክር ሕጉን ሲያስረዱ የወይዘሮ ዘውዴ እጅ መስተዋቱ ላይ ቆመ።

«እና እኔ የምፈርመው ምንም እንደማላገኝ ነው?» አሉ።

«እንደዚያ ነው ሕጉ።»

«ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆኜ። ስንት ጊዜ እርሾ ያዋስኩሽ ሴትዮ» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ከድር ትክዝ ብሎ ጺሙን እያሻሸ ነበር። «አላህ ያውቃል፣ እትዬ የሺ፣ ከዚህ ቤት አንዲት ማንኪያ አልተመኘሁም» አለ። «ግን ያልተመኙትን ነገር አላገኝም ብሎ መፈረም ደግሞ ደስ አይልም።» እሱም ወጣ። ፍሥሐ፣ «እስቲ ላስብበት» አለ፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ ዛሬም እያሰበበት ነው። እኔ እፈርማለሁ ብዬ እጄን አወጣሁ። አቶ በለጠ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በአንድ ሰው የተመሰከረ ነገር ኑዛዜ አይባልም፤ ሐሜት ነው የሚባለው።»

ቢሆንም ሰውዬው የመጡት ሊጽፉ ነውና ብዕራቸውን አወጡ። «ምስክሩን ኋላ እንፈልጋለን። እስቲ ይንገሩኝ፤ ለማን ነው የሚናዘዙት?»

በዚያች ቅጽበት ከኮምፔርሳቶው ማዶ የጋሽ ደምሴ ሳል ቆመ። ወንበሩም አልተንቀጫቀጨም። እትዬ የሺ አፋቸውን ከፈቱ፣ ኮምፔርሳቶውን አዩ፣ መልሰው ዘጉት። «ይቅር» አሉ።

ሊሸኙን ወጥተው መንገዱ ዳር ስንደርስ ነው የነገሩን። «እኔ ሞቼ ይስሙት እንጂ በቁሜ አይሰሙትም» አሉ። «ስምንት ዓመት ስሰድባቸው ኖሬ ያለኝን ሁሉ ለእርስዎ ትቻለሁ ብል፣ ነገ ሻይ አፍይልኝ ብለው ይመጡብኛል።» ይኼን ሲሉ በነጠላቸው ግማሽ ፊታቸውን ሸፍነው ነበር። እኔ ከሳቅኩ በኋላ ነው ያፈሩ መሆናቸው የገባኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው።

አቶ በለጠ አሰብ አደረጉ። «ሌላ መንገድ አለ። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በራስ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ ምስክር አያስፈልገውም፤ ጮክ ብሎም አይነበብም። የሌላ ሰው እጅ ግን አንዲት ፊደል እንኳ እንዳይገባበት።» መልካም ነው፤ ችግሩ እትዬ የሺ ከቁጥር በቀር የሚጽፉት ነገር አለመኖሩ ነበር። ደመወዝ ሲቀበሉ የሚያትሙት ጣታቸውን ነው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነውና ጠዋት ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ እኔ አስተምር ነበር። በሁለት ዙር ምዝገባ አልመጣም ብለው የቀበሌውን ሰዎች ያስለመኑት ሴትዮ፣ ሰኞ ጠዋት ስገባ የፊተኛው አግዳሚ ላይ እርሳስ ቀርጸው ተቀምጠዋል።

እንደ እሳቸው ያለ ተማሪ አላጋጠመኝም። ሰሌዳው ላይ ያዩትን ሁሉ ይገለብጣሉ። አንድ ቀን እንዳልረሳው ብዬ በሰሌዳው ጥግ «ጠመኔ አልቋል» ብዬ ጽፌ ነበር። ደብተራቸውን ባይ ከፊደሎቹ ሥር፣ በዚያው ጥግ፣ «ጠመኔ አልቋል» ተብሎ ተገልብጧል።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ትምህርት አይደለም» አልኳቸው።

«አስተማሪ ከጻፈው ውስጥ የማይረባውን የምመርጠው እኔ ነኝ?»

የቤት ሥራ ሳርም በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ደህና ለሠራ «ጎበዝ፣ በርቺ» ወይም «በርታ» ብዬ እጽፍና እፈርማለሁ። እትዬ የሺ በዚህ ነገር ልባቸው ጠፋ። ደብተሩን ሥራ ቦታ ይዘው እየመጡ በመስኮቱ ለገቡት እጆች ያሳዩ ነበር። «ትኬቱን እሰጥሃለሁ፤ መጀመሪያ ይኼን አንብብልኝ። ስንት ይላል?» «ስምንት ከአሥር።» «ከሥሩስ ያለውን?» «ጎበዝ፣ በርቺ።» «በል ሁለት ነው ያልከው?» ሰልፉ እስከ ምኒልክ አደባባይ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

በሰባተኛው ወር ላይ ስለ ደብዳቤ አስተማርኩ። ቀን፣ የመክፈቻ ሰላምታ፣ ዋና ሐሳብ፣ የመዝጊያ ሰላምታ፣ ፊርማ ብዬ በሰሌዳ ጻፍኩ፤ ለምታስቡለት ሰው ደብዳቤ ጽፋችሁ አምጡ አልኩ። ደብተሮቹን የማርመው ፊልም ሲጀመርና በሩ ጭር ሲል ነበር። አንዱ ስለ ላም ይጽፋል፣ ሌላው ስለ ጤንነቱ፤ እጄ ከልማድ የተነሣ ሳላስበው ነው የሚያርመው። የእትዬ የሺ ደብተር ሲደርስ አየሁት፣ ጽሑፉ የተስተካከለ ነው፣ ሲያልቅ ግን ሰላምታ የለውም። «9/10። ጎበዝ፣ በርቺ» ብዬ ፈረምኩ። ገጹን ልገልጥ ስል ምን እንዳነበብኩ ገባኝ።

«ይህ ኑዛዜ ነው። እኔ የሺእመቤት ተክሌ ልጅ የለኝም። ባል ነበረኝ። ራዲዮኑን፣ ቁምሳጥኑን፣ አልጋውን፣ ኮምፔርሳቶውንም ለአቶ ደምሴ ወልዴ ሰጥቻለሁ። የወንድሜ ልጅ ስንታየሁ ቁምሳጥኑን በስንዝር ለክቷል። ልኬቱን ለእሱ ሰጥቻለሁ።» ከላይ ቀን አለው፤ ከታች ፊርማ አለው። ከፊርማው ሥር ደግሞ የኔ ቀይ።

ወደ መስኮቱ ክፍል ሮጥኩ። «እትዬ የሺ፣ ጉድ ሠራሁ። ኑዛዜዎን አረምኩት።»

ደብተሩን ተቀበሉኝ፣ አራቁት፣ አቀረቡት። «ዘጠኝ? አንዷስ?»

«የሌላ ሰው እጅ ገባበት እኮ ነው የምልዎ። ፈርሷል።»

«እሱን ሰማሁ፤ እገለብጠዋለሁ። አንዷ የት ሄደች ነው የምልሽ?»

«የመዝጊያ ሰላምታ የለውም።»

«ኑዛዜ ሰላምታ አለው?»

«ታዲያ ለምን ለደብዳቤ ቤት ሥራ አመጡት?»

«ለማን ላሳየው? ስህተት ቢኖርበት ከአስተማሪዬ በቀር ማን ይነግረኛል?» በዚህ መሐል አንድ እጅ ገብቶ መደቡን መታ መታ አደረገ። «ቆይ አንተ፣ ኑዛዜ ላይ ነን» አሉት። እጁ ወጣ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለእሳቸው ምን ብዬ ነው የመዝጊያ ሰላምታ የምሰጣቸው? ተፋትተን አንድ መልካም ቃል ከአፌ ወጥቶላቸው ያውቃል?» አዘንኩላቸው። ኑዛዜ ሰላምታ ግድ የለውም፣ ይተዉት፣ ይኼን ገጽም ቀደው ይጣሉት አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«እና ዘጠኝ ይዤ ልሙት? ገልብጬ ስጨርስ ደብተሩን አንቺው ዘንድ አስቀምጪው። ዘጠኝ ያገኘ ወረቀት መቅደድ ግፍ ነው።»

እንደ አዲስ ለመገልበጥ ሳምንት ፈጀባቸው። አጠፉት፣ ፖስታ ውስጥ አስገቡት፣ በሊጥ አሸጉት፣ ለአቶ በለጠ አስረከቡት። እኔ አላየሁትም። አቶ በለጠ፣ «ሁሉም በራስዎ እጅ ነው?» ሲሏቸው፣ «አንድ ነጥብ ሳይቀር» ብለው መለሱ። ያን ጊዜ ስለ አራት ነጥብ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አረፉ። አርባቸው በወጣ በሳምንቱ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ጉዳዩን ለማየት ተቀመጠ። ስንታየሁ በአዲስ ኮት መጥቷል፤ የእጅ ጋሪ ከነባለቤቱ ደጅ አቁሟል። ጋሽ ደምሴ የኋለኛው አግዳሚ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጥግ ይዘዋል፤ ለምን እንደተጠሩ እንኳ የነገራቸው የለም። ሰብሳቢው ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ፖስታውን ቀደው በዝግታ ማንበብ ጀመሩ። «ለአቶ ደምሴ ወልዴ ሰጥቻለሁ» የሚለው ሲነበብ ዞሬ አየሁ። ጋሽ ደምሴ አንገታቸውን አስግገዋል፤ ሌላ ደምሴ እየፈለጉ ይመስላሉ። ቀጥሎ «ልኬቱን ለእሱ ሰጥቻለሁ» ሲባል አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ባለጋሪው እንኳ በበር አጮልቆ ሳቀ።

ስንታየሁ ግን ዘሎ ተነሥቶ ወረቀቱ አጠገብ ደርሷል። «የተከበረው ሸንጎ ከታች ይመልከትልኝ። በቀይ የተጻፈው የማን ነው? የሌላ ሰው እጅ ነው። የሌላ ሰው እጅ ከገባበት ደግሞ ኑዛዜው አይጸናም፤ አቶ በለጠ ራሳቸው ይናገሩ።» አቶ በለጠ ሳይወዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አነበቡ። «አሥር ከአሥር። ጎበዝ፣ በርቺ።» ፊርማም አለው።

ጠጋ ብዬ አየሁት። ፊርማው የኔ ነው።

«እኔ አልጻፍኩትም» አልኩ ተነሥቼ።

«ፊርማው ያንቺ አይደለም?» አሉ ሰብሳቢው።

«የኔ ነው። ግን እኔ አልፈረምኩም።»

እንደገና ተሳቀ፤ ስንታየሁም ሳቀ። ባለጋሪውን፣ ተዘጋጅ፣ ብሎ በእጁ ጠቀሰው። ራዲዮኑ በዚያ ጋሪ ላይ ተጭኖ ሲወርድ ታየኝና ፈቃድ እንኳ ሳልጠይቅ በሩጫ ወጣሁ። ቤቴ ሠራተኛ ሰፈር ነው፤ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ደብተሩን ይዤ ስመለስ ትንፋሽ አጥሮኝ መናገር ስላቃተኝ፣ ገልጬ ሰብሳቢው ፊት ዘረጋሁት። መጀመሪያ «ጠመኔ አልቋል» የሚለውን ገጽ፤ ቀጥሎ ዘጠኝ ከአሥር ያገኘውን።

ትንፋሼ ሲመለስ አስረዳሁ። ሴትዮዋ ያዩትን ሁሉ ይገለብጡ ነበር፤ አስተማሪ የጻፈው አይመረጥም የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ኑዛዜውን ሲገለብጡ ማረሚያዬንም ነጥቡንም ፊርማዬንም አብረው ገልብጠውታል። ሰብሳቢው ቀይ እስክሪብቶ አስመጥተው ሦስት ጊዜ አስፈረሙኝ። የኔ ፊርማ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል፤ ኑዛዜው ላይ ያለው አራት ቦታ ላይ ቆሞ አርፏል፤ ዳገት የወጣ ሰው ይመስላል። ሸንጎው ተራ በተራ እያየ ተቀባበለው።

«ይሁን፣ እሳቸው ናቸው እንበል» አለ ስንታየሁ። «ዘጠኙን ታዲያ ማን አሥር አደረገው?»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። «መጀመሪያ አንዷን ለምንድን ነው የቀነስሽባቸው?»

«የመዝጊያ ሰላምታ ስላልነበረው ነው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አነሡ። ስንታየሁ ካቋረጣቸው ቦታ በታች በዓይናቸው ወረዱና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እዚህኛው ላይ ግን አለው» አሉ። ከዚያ አነበቡት።

«ደምሴ። ጆሮዬ ደህና ነው። ራዲዮኑን ከፍ የማደርገው አንተ እንድትሰማው ነው። ድንጋይ ቀበሌ እንደማያድልም አውቃለሁ። ሲንሿሿብህ ጎኑን መታ አድርገው። ሳልህን ታከም። ደህና ሁን።»

እኔ የሕንድ ፊልም ከግማሹ የገባሁ ያህል አለቀስኩ። ሰብሳቢው ማኅተሙን ቀለም አስነክተው፣ «የጎደለውን ሞልተው ነው ራሳቸውን ያሳለፉት፤ አሥሯ ትገባቸዋለች» አሉና ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። ደጅ ስንወጣ ባለጋሪው ስንታየሁን፣ «እኔስ ምን ልጫን?» እያለ ይከተለው ነበር።

ጋሽ ደምሴ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ከጎኔ ሄዱ። ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተሳለሙ፤ ከዚያ ባርኔጣውን እንደያዙ ቆሙ።

«አንዷን የቀነስሽባት አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው፤ እስኪለቃቸው ጠበቅሁ።

«ምናለ ሁለት በቀነስሽባት ኖሮ» አሉ።